ቀላልነቱ የት ላይ ነው? ትሬክ ኤፍ ኤክስ 2 ለአዲስ አበባ የሥራ መንገድ ሲመዘን

ሳይክል ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል። ከቀለለው ደስ ይለዋል፣ ከከበደው መልሶ ያስቀምጠዋል። ልማዱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ክብደቱ የተቀመጠበትን ቦታ ሳያዩ ኪሎውን ብቻ መጠየቅ ያሳስታል። ከ15 እስከ 17 ኪሎ የሚመዝኑት ርካሽ ባለሞላ ሳይክሎች ፊታቸው ላይ ከ2 ኪሎ በላይ የሆነ የሞላ ፎርክ (የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ሹካ) ተሸክመዋል፣ ጎማቸው ደንዳና ነው፣ ቸርኬያቸውም ወፍራም ነው። ይህ ሁሉ ኪሎ ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ትሬክ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራውን ኤፍ ኤክስ 2 ዲስክ እዚህ የምንመዝነው ኪሎው ከትክክለኛው ቦታ ስለተቀነሰለት ነው፤ ጉድለቱንም አብረን እናያለን።

ኤፍ ኤክስ 2 ሃይብሪድ ከሚባለው ወገን ነው፤ ከውድድር ሳይክል ትልልቆቹንና ቀለል ያሉትን ጎማዎች፣ ከማውንቴን ሳይክል ቀጥ ያለውን መሪና ቀና ያለውን አቀማመጥ የወሰደ። ዋናው አካሉም ፎርኩም አሉሚኒየም ነው። ፊት ለፊት 2 ጥርሶች፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሳም ክቦች፣ አሉት፤ አንዱ ባለ 46 ሌላው ባለ 30 ጥርስ ነው፤ የኋላዎቹ እንደ ምርት ዓመቱ 8 ወይም 9 ናቸው። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ነው። መካከለኛው ቁመት 12 ኪሎ አይሞላም። ፋብሪካው የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት፣ ሰውም ዕቃም ሳይክሉም ተደምሮ፣ 136 ኪሎ ነው።

በመጀመሪያ ኪሎው ምን ያህል እንደሚለውጥ በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ ሰው፣ 12 ኪሎ ሳይክልና 5 ኪሎ ቦርሳ 87 ኪሎ ይሆናሉ። ሳይክሉን በ16 ኪሎ ብንለውጠው 91 ይሆናል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በታች ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ዳገት በከባዱ ሳይክል 21 ደቂቃ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ መንገዱ ከተያዘ በኋላ ልዩነቱ አይሰማም። ታዲያ ኪሎው የት ላይ ይቆጠራል? በየመብራቱ ቆመው ሲነሡ፣ በተለይ ደግሞ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ሲሸከሙት። ጠዋትና ማታ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው 4 ኪሎ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ምድር ላይ ለሆነ ሰው ግን 1 ኪሎ ለማስቀነስ ብዙ ገንዘብ መጨመር አይመከርም፤ ያንን ገንዘብ ጥሩ ጎማና ጥሩ ቁልፍ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

የሞላው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። የኮብልስቶን መንገድ ያለበት ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ሞላ ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም ትክክል ነው፤ እጅ ይደነዝዛል፣ ትከሻ ይዝላል። ችግሩ በርካሽ ሳይክል ላይ የሚገኘው ሞላ ለትልቅ ጉድጓድ እንጂ ለኮብልስቶን ተከታታይ ትንንሽ ንዝረት አይነቃም። ውስጡ ያለው ቅባት በአንድ ክረምት በውሃና በጭቃ ይታጠባል፣ ቱቦው ይዝጋል፣ ከዚያም ሞላው የማይሠራ የ2 ኪሎ ብረት ሆኖ ይቀራል። ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ደግሞ ጉልበትዎን ወደ ታች ይውጣል። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ፎርክ 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጥገናም አይጠይቅም። ትሬክ ራሱ ዱዋል ስፖርት በተባለው ሌላው ሃይብሪዱ ላይ ለዓመታት ሞላ ሲገጥም ቆይቶ፣ በ5ኛው ትውልድ አውጥቶት በምትኩ ቀጥ ያለ ፎርክና 2 ኢንች የሚሰፋ ጎማ ገጥሞበታል። ንዝረትን የሚውጠው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ያለው ጎማው ውስጥ ነው።

ወደ ማርሹ እንምጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ሳይክል የሚወደደውም የሚጠላውም በዚህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሳንባ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ሲገዙ የማርሹን ብዛት አይቁጠሩ፤ ትንሹ የፊት ጥርስና ትልቁ የኋላ ጥርስ ስንት እንደሆኑ ጠይቀው፣ የፊቱን ለኋላው ያካፍሉት። 30 ለ34 ሲካፈል 0.88 ይመጣል። በዚህ ጎማ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ሳይክሉን 1.9 ሜትር ያስኬደዋል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እያሉ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጡ በደቂቃ 60 ዙር ያህል ይረግጣሉ፤ ጉልበት የሚወደው ፍጥነት ነው። በአንጻሩ ማርሽ የሌለው የድሮው ሳይክል፣ ፊቱ 44 ኋላው 18 ከሆነ፣ በአንድ ዙር 5.3 ሜትር ይሄዳል፤ እዚያው ዳገት ላይ በደቂቃ 22 ዙር ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም እንደ ደረጃ መውጣት ነው። «ባለ 21 ማርሽ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፊታቸው 28 ኋላቸው 28 ነው፤ ሲካፈል 1 ነው። ማርሻቸው ብዙ ቢሆንም የመጨረሻው ዝቅተኛ ማርሻቸው ከኤፍ ኤክስ 2 ይከብዳል።

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ለሚወጣ ሰው 0.9 እና ከዚያ በታች ያስፈልጋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ግን፣ ሜዳ ስለሆኑ፣ 1.2ም ይበቃል፤ እዚያ ለዳገት ማርሽ ብሎ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም።

አንድ የሚሰበር ነገር ደግሞ አለ፦ ዳገቱ ከተጀመረ በኋላ በሙሉ ጉልበት እየረገጡ የፊቱን ማርሽ መቀየር። ሰንሰለቱ ከጥርሱ ይወጣል፣ በአካሉና በጥርሱ መካከል ይቀረቀራል፣ አሉሚኒየሙን ይፍቃል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፔዳሉን ላላ አድርገው ወደ 30ው ያውርዱት።

በኤፍ ኤክስ 2 ጎማ ላይ ቅሬታ አለን። እንደ ዓመቱ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዞ ነው የሚመጣው። አስፋልት ላይ ደስ ይላል፤ በኮሪደር ልማቱ በተዘረጉት የሳይክል መስመሮች ላይ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ግን ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ደጅ ያለው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን ወይም ጠጠር ከሆነ 32 ጠባብ ነው። ወደ 38 መለወጥ የሳይክሉን ጠባይ ይለውጠዋል። ከመግዛትዎ በፊት አሁን ባለው ጎማና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፣ አለበለዚያ ጭቃ ይዞ ያቆመዋል።

የአየሩ ልክ ከጎማው እኩል ወሳኝ ነው። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ38 ጎማ ኋላ 50፣ ፊት 45 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎማ «ድንጋይ ሲሆን ይፈጥናል» የሚለው አባባል ኮብልስቶን ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ በጣም የጠጠረ ጎማ እየዘለለ ጉልበት ያባክናል። ከልክ በታች ከሆነ ደግሞ የድንጋይ ጠርዝ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬው ሁለት ጎን ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ጎሚስታው ፈትቶ ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካሳየዎት ምስማር አይፈልጉ፤ አየሩ አንሶ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ የሳይክሉን ትንሽ ጎማ በጥቂት ሴኮንድ ያፈነዳዋል። ጥቂት ጥቂት እየሰጡ በመለኪያ ማየት፣ ወይም መለኪያ ያለው የእግር ፖምፓ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። ቫልቩ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ወደ መኪና ቫልቭ የሚቀይረውን ትንሿን የነሐስ ቆብ አንድ ጊዜ ገዝተው እዚያው ቫልቩ ላይ ይተዉት፤ ያለ እሷ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ሊረዳዎት አይችልም።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ግን የጎማ ቁጥር ነው። ኤፍ ኤክስ 2 ላይ 700 ተብሎ የሚጻፈው ጎማ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 29 ማውንቴንም 622 ነው፤ ስለዚህ ከበቂ ክፍተት ጋር ቀጭን የ29 ጎማ ይገባለታል። የድሮው ባለ ዘንግ ፍሬን ትልቁ ሳይክል 28 በ1½ የሚለው ጎማ ግን 635 ነው። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ግን በ13 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በፍጹም አይያዝም። 26 የሚባለው ደግሞ 559 ነው። ሱቅ ውስጥ «28 ነው፣ ይሆናል» ሲባሉ አይመኑ፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን ሦስት አሃዞች ያንብቡ። 622 ካልሆነ ይተዉት።

ፍሬኑ የኤፍ ኤክስ 2 ትልቁ ብልጫ ነው። ከእንጦጦ መንገድ በዝናብ የሚወርድ ሰው በሁለት ጣት ማቆም መቻሉ ቀልድ አይደለም። ታናሹ ኤፍ ኤክስ 1 የገመድ ዲስክ ነው፤ ያም ያቆማል፣ ግን እጅ ይፈልጋል፣ ገመዱም ሲሳብና ሲቆሽሽ በየጊዜው መጥበቅ አለበት። በሌላ በኩል የገመዱን ማንኛውም ጠጋኝ ይሠራዋል፤ የዘይቱን ግን የሚያውቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በደንብ ልብ ይበሉ፦ ትሬክ የሚገጥማቸው የሺማኖና የቴክትሮ ፍሬኖች የሚሠሩት በሚኒራል ኦይል ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለው የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ከገባበት የውስጡን የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣቸውና ፍሬኑ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ አያድነውም፣ ሙሉው ይለወጣል። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ መጀመሪያ ሸራውን ይመልከቱ። ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ መለወጥ ብቻ ይበቃዋል፤ ሸራው ሙሉ ሆኖ እጀታው እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል። ጎማው ወጥቶ ሳለ ደግሞ እጀታውን ማንም አይንካ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ዲስኩም አይመለስም።

ሰንሰለት በሞተር ዘይት መቀባት የብዙዎች ልማድ ነው። ወፍራም ዘይት የበጋውን አቧራ ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጥርሱን ይበላል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ ቀጭን የሰንሰለት ዘይት፣ ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው። የሚረጭ ዘይት አይጠቀሙ፤ ዲስኩ ላይ ካረፈ ሸራው ይመረዛል፣ ፍሬኑ ይጮኻል፣ አያቆምም። የሰንሰለቱን ዕድሜ በማስመሪያ ማወቅ ይቻላል፦ ከአንድ ፒን ጀምረው 24 መጋጠሚያ ሲቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ከደረሰ ይለወጥ። ከዚያ በላይ ከቆየ የኋላውን ጥርሶችም ይዞ ይጠፋል። ለ8 ማርሽ የሚሆነው ሰንሰለት ለ6ና ለ7ም የሚሠራው ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ ይህም ባለ 8ቱን ምርት ከባለ 9ኙ ይልቅ እንድንወድ ያደርገናል።

ምቾት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከወፍራም መቀመጫ አይመጣም። በጣም ለስላሳው መቀመጫ አጥንቱ ሰምጦ በመካከሉ ያለውን ሥጋ ስለሚጫን ከ20 ደቂቃ በኋላ ያደነዝዛል። የኤፍ ኤክስ 2 መቀመጫ ጠንከር ያለ ነው፤ ሳምንት ታገሡት። በዚያ ጊዜ ካልለመደዎት ስፋቱ አልገጠመም ማለት ነው፤ ለመለካት ካርቶን ላይ ተቀምጠው የሁለቱን የመቀመጫ አጥንት ምልክት መሀል ለመሀል ይለኩና 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት።

ቁመቱን ለማስተካከል ጫማ አድርገው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያኑሩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግር ጣት ሥር ሲረግጡ ያኔ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። በቁጥር ለሚፈልግ፦ ከብሽሽት እስከ ወለል ያለውን ርዝመት በ0.883 ያባዙ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሀል እስከ መቀመጫው አናት ማለት ነው። ቆመው ሳለ እግር መሬት እንዲደርስ ብሎ መቀመጫ ዝቅ ማድረግ አዲስ ነጂ ሁሉ የሚያደርገው ስህተት ነው፤ የጉልበት ፊት የሚታመመው ከዚህ ነው። ጉልበቱ ከኋላ ከታመመ ግን መቀመጫው ከፍ ብሏል።

እጅ ሲደነዝዝ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ርቀት ነው። ክርንዎ በትንሹ ታጥፎ ትከሻዎ መላላት አለበት። ካልሆነ የመሪው አንገት ሥር ያሉትን ቀለበቶች በማቀያየር ከፍ ያድርጉት፣ ወይም አንገቱን 2 ሴንቲ ሜትር በሚያጥር ይለውጡት፤ ርካሽ ነው። መሪው ሰፊ ስለሆነ በመኪናና በባቡር መስመር አጥር መካከል የሚሽሎከሎክ ሰው በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ሊያስቆርጠው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን ዳገት ላይ መሪው ይወላገዳል። ቀሚስ ለሚለብሱ እህቶች ስታገር የሚባለው ዝቅ ያለ ዘንግ ያለው ኤፍ ኤክስ አለ። በእግር ማለፉ ቀላል ነው፤ ዘንጉን በትከሻ ላይ አድርጎ ደረጃ ለመውጣት ግን ከዋናው ዓይነት ያስቸግራል።

ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ፦ ታላቁ ኤፍ ኤክስ 3 የካርቦን ፎርክ አለው፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ ንዝረትም ትንሽ ይውጣል። ለእኛ መንገድ አንመርጠውም። ካርቦን ከወደቀ ወይም ከተመታ ስንጥቁ ከቀለም ሥር ሊደበቅ ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይታያል። የጃያንት እስኬፕ 3 የብረት ፎርክ ያለው፣ 38 ጎማ የሚይዝና ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ከቆዩት ምርቶች ብዙዎቹ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን አላቸው። ለባሕር ዳር የምንመክረው እሱን ነው፤ ሸራው ርካሽ፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ጃያንት ክብደት አያሳትምምና በሚዛን ይለኩት። የስፔሻላይዝድ ሲረስ ኤክስ 42 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዞ የሚመጣ፣ ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ያለው ነው። መንገዱ ግማሹ ኮብልስቶን ከሆነ ከኤፍ ኤክስ 2 ይበልጣል፤ ብልጫው ይህ ነው፣ ጎማ መለወጥ አያስፈልገውም። የፊቱ ማርሽ ቀያሪ ስለሌለው የሚበላሽ ነገርም ይቀንስለታል።

ለክረምት ፓራፋንጎ ሳይገጥሙ አይውጡ። ለ35 ጎማ 45 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሙሉ ፓራፋንጎ ያስፈልጋል፤ የፊቱ ወደ ታች እስከ ፔዳሉ አካባቢ መውረድ አለበት፣ አለበለዚያ ጫማው በጭቃ ይሞላል። ኤፍ ኤክስ 2 ለፓራፋንጎም ለኋላ ዕቃ መጫኛም የብሎን ቀዳዳ አለው። ላፕቶፕ በጀርባ ከመሸከም መጫኛው ላይ በጎን ቦርሳ ማድረግ ላብ ይቀንሳል። ብሎኖቹን በየወሩ ያጥብቁ፤ ኮብልስቶን ያላላቸዋል።

ብዙ ሳይክል በዘመድ እጅ ከውጭ በካርቶን ስለሚመጣ ስለ አገጣጠሙም ጥቂት እንበል። ከሚላክ በፊት በፎርኩ ጫፎች መካከል ፕላስቲክ መደገፊያ፣ በፍሬኑ ሸራዎች መካከልም ቁራጭ ካርቶን ይግባ። ሲገጣጠም የሚደጋገመው ስህተት ፎርኩን ወደ ኋላ አዙሮ መግጠም ነው፤ የፊቱ ዲስክ ከነጂው በስተግራ፣ የፎርኩም ጫፍ ወደ ፊት መሆን አለበት። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። በእጅ እስከ መጨረሻው ሳይገባ በቁልፍ ማስገደድ የአሉሚኒየሙን ክንድ ጥርስ ይጨርሰዋል፣ ክንዱም ይለወጣል። የመሪ አንገቱን ብሎኖች 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ፣ ከሁሉም በላይ ግን አንገቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ እየተፈራረቁ ያጥብቋቸው።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ መሪውን ይዘው የፊቱን ፍሬን አጥብቀው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት፤ ከተንኳኳ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ተበልቷል። የፔዳል ክንዱን ወደ ጎን ይግፉት፤ ከተነቃነቀ የማዞሪያው ኩሽኔታ አልቋል። ጎማውን አሽከርክረው ቸርኬው ወደ ጎን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ ሽቦዎቹ መጠገን አለባቸው። የመቀመጫውን ዘንግ ማስወጣትና ማስገባት ይሞክሩ፤ ዓመታት ሳይነካ የቆየ አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ይጣበቅና በቁመትዎ ልክ ሊያስተካክሉት አይችሉም። ከመሪው ሥር፣ ሁለቱ ዘንጎች ከሚገናኙበት ቦታ፣ ቀለሙ በክብ ከተሰነጠቀ በጨርቅ ጠርገው በባትሪ ይዩት፤ ጥፍርዎ ከያዘ ስንጥቁ ብረቱ ውስጥ ነው፣ በማንኛውም ዋጋ አይግዙት።